የእጅ ሥራ ለተማረ ሰው ነውር አይደለም

ሰው ዕውቀትን በሦስት በር ያገኛታል፤ በጆሮው እየሰማ፣ በዐይኑ እያነበበ፣ በእጁም እየሠራ። ከእነዚህ ከሦስቱ በሮች ሁለቱን እኛ ኢትዮጵያውያን ከጥንት ጀምረን ስናከብራቸው ኖረናል፤ በጆሮው የሚቀበለውን ደቀ መዝሙር፣ በዐይኑ የሚመረምረውን ሊቅ ብለን ጠርተናል። ሦስተኛውን በር ግን፣ ማለት በእጅ የሚገኘውን ዕውቀት፣ ብዙ ዘመን ዘግተን፣ በእርሱ የሚገባውንም ሰው የስድብ ስም አውጥተን ከማኅበራችን አርቀን ኖርን። ዛሬ ስለዚሁ ስለ ሦስተኛው በር ጥቂት ለመጻፍ ያነሣሣኝ በሰፈሬ በላፍቶ ያየሁት አንድ ትንሽ ነገር ነው። ነገሩ ትንሽ ቢሆንም ከበስተኋላው ያለው ጥያቄ ትልቅ ሆኖ ስላገኘሁት፣ በሥራ ላይ ላሉት ሹማምንትና ለሊቃውንቱ ማቅረብ ይገባል ብዬ አሰብሁ።

ላፍቶ በአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ በኩል የሚገኝ ሰፈር ነው፤ ስሙም በኦሮምኛ የግራር ዛፍ ስም ነው። ዛሬ ከነፋስ ስልክ ጋራ ተጣምሮ የአንድ ክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆኗል። ነፋስ ስልክ የተባለበትም ምክንያት ያለ ሽቦ በአየር ላይ ወሬ የሚያስተላልፈው ቴሌግራፍ በዚያ አቅራቢያ ተተክሎ ስለ ነበረ ነው፤ አባቶቻችን ሽቦ የሌለውን ስልክ ባዩ ጊዜ የሚሸከመው ነፋስ ነው ብለው ያማረ አማርኛ አወጡለት። እንግዲህ የክፍለ ከተማችን ስም እኩሌታው ከዛፍ፣ እኩሌታው ከመኪና የተገኘ ነው ማለት ነው። በእንደዚህ ያለ ስም የሚጠራ ሰፈር መኪና የሚሠራ ልጅ ቢያበቅል የሚያስደንቅ አይሆንም።

ከቤቴ አጥር ማዶ የሚኖር፣ ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ያልሞላው አንድ ወጣት አለ። የዕለት እንጀራው የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ነው፤ ይኸውም ኮምፒዩተር የሚፈጽመውን ትእዛዝ በደንብና በተራ እየደረደረ ማዘጋጀት ነው። ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ውሎ ማታ ሲመለስ ከደረጃው ሥር ካለችው ጠባብ ክፍል ይገባና ሽቦ ሲያያይዝ፣ እንጨት ሲልግ፣ ከአሮጌ ሬዲዮና ከተበላሸ ማተሚያ የፈታውን ዕቃ ሲመረምር ያመሻል። የሚሠራውም ለመሸጥ አይደለም፤ ትርፍ ጊዜውን ደስ ብሎት ለማሳለፍ ነው። ለእናቱ የመድኃኒታቸውን ሰዓት የሚያስታውስ ሣጥን፣ ለታናሽ እኅቱ መብራት በጠፋ ጊዜ በራሱ የሚበራ የማንበቢያ መብራት፣ ለራሱም መጻሕፍት ማቆሚያ ሠርቷል።

ይህን ነገር አባቱ አልወደዱለትም። እርሳቸው በመንግሥት ሥራ አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ ልጃቸውን በብዙ ድካም ያስተማሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ «እባክህ ይህን ልጅ ምከርልኝ። እኔ ያስተማርሁት በብዕር እንዲኖር ነበር፤ እርሱ ግን እንደ ቀጥቃጭ ሌሊቱን ሲበይድ ያድራል። የሰፈር ሰውስ ምን ይላል?» አሉኝ። እኔም ነገራቸው እውነት መስሎኝ፣ በነጋታው ወደ ወጣቱ ሄጄ የተማረ ሰው ትርፍ ጊዜውን በንባብ ቢያሳልፍ እንደሚሻለው፣ እጁን በእሳት ማቃጠሉም ለማዕርጉ እንደማይስማማ እንደ ሽማግሌ መከርሁት። እርሱም በትሕትና አዳምጦ ሲያበቃ፣ «ጋሼ፣ ቀን የምጽፈውን ማንም በእጁ አይዳስሰውም፤ እኔም ራሴ አልዳስሰውም። ማታ የምሠራው ግን ሲበላሽ ያቃጥለኛል፤ ሲቃናም በዐይኔ አየዋለሁ» ብሎ መለሰልኝ። መልሱን ለጊዜው እንደ ልጅ ነገር ቈጠርሁት።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ግን ምክሬን እንድጠራጠር አደረገኝ። በሰፈራችን የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በተራ ነው፤ ተራውም በብዛት ሌሊት ይሆናል። አቅም ያለው ሰው ሮቶ የሚባለውን ማጠራቀሚያ አቁሞ ተኝቶ ያድራል። ሮቶ የሌለው ግን ውሃው የሚመጣበትን ሰዓት አስቀድሞ ስለማያውቅ፣ እንቅልፉን እያቋረጠ በርሜሉንና ጀሪካኑን ለመሙላት ቧንቧውን መጠበቅ አለበት። ከወጣቱ ቤት ቀጥሎ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት አሉ፤ ተራው በሚጠበቅበት ሌሊት ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ጋቢያቸውን ተከናንበው በደጃፉ ላይ ተቀምጠው ያድሩ ነበር። ጉልበታቸው በብርድ ከተያዘ ወዲህ መነሣት እየከበዳቸው ሄደ፤ በእንቅልፍም ያመለጣቸው ጊዜ እስከ ሚቀጥለው ተራ ድረስ ውሃ ከጎረቤት ይለምኑ ነበር።

ወጣቱ ይህን አይቶ አንድ ደወል ሠራላቸው። አሠራሩን አስረድቶኛልና ለአንባቢዎች እገልጸዋለሁ። ቧንቧው ጥቂት ተከፍቶ ይተዋል፤ ከሥሩም አንድ የቆርቆሮ ሳይሆን የፕላስቲክ ጽዋ ይቀመጣል። በጽዋው ውስጥ እርስ በርሳቸው ሳይነካኩ ሁለት ሚስማሮች ተተክለዋል። ውሃው መጥቶ ሁለቱን ሚስማሮች በነካ ጊዜ ኤሌክትሪክ በውሃው ውስጥ ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፋል፤ መጠኑ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ አንድ ሰሌዳም ይህን ተመልክቶ በመኝታ ክፍላቸው ያለውን ደወል ይደውላል። መብራት ቢጠፋም እንዳይቋረጥ ኃይሉን የሚያገኘው ከአሮጌ ስልክ ከተወሰደ ባትሪ ነው።

ሥራው ግን በመጀመሪያው ጊዜ አልሠመረም። አንድ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ደወሉ ጮኸ፤ እናቲቱም በብርድ ተነሥተው ቢወጡ ውሃ የለም። ምክንያቱ ሲመረመር በቧንቧው ውስጥ ቀርቶ የነበረው ጥቂት ውሃ በአየር ተገፍቶ ጽዋውን ሞልቶት ተገኘ። ከጥቂት ቀን በኋላም ሌላ ጉድለት ታየ፤ ኤሌክትሪኩ ያለማቋረጥ ሲያልፍባቸው ሚስማሮቹ ዝገውና ተበልተው ውሃው ቢመጣም ደወሉ ዝም አለ። እናቲቱ ያን ሌሊት ደወሉን አምነው ስለ ተኙ ውሃው አመለጣቸው። ወጣቱ በማግስቱ ሁለት ጀሪካን ከራሱ ቤት ተሸክሞ ወሰደላቸው፤ ፊቱም በኀፍረት ቀልቶ ነበር። እኔም በልቤ፣ «አላልሁህምን?» አልሁ።

እርሱ ግን አልተወውም። በጽዋው ግርጌ አንዲት ቀጭን ቀዳዳ በሳ፤ ጥቂት ውሃ ቢንጠባጠብ በቀዳዳይቱ ይወርዳል፤ የማያቋርጥ ውሃ ሲመጣ ብቻ ጽዋው ይሞላል። በሚስማሮቹ ፋንታ የማይዝግ የሻይ ማንኪያ እጀታ ቈርጦ ተከለ። ፕሮግራሙንም ለወጠው፤ ኤሌክትሪኩን ሁልጊዜ መላክ ትቶ በየደቂቃው ለቅጽበት ብቻ እየላከ እንዲጠይቅ፣ ሦስት ጊዜም ጠይቆ ሦስቱም መልስ ካልተስማማ እንዳይደውል አዘዘው። ዳኛ በአንድ ምስክር ቃል እንደማይፈርድ ሁሉ፣ ደወሉም በአንድ ምስክር አይጮኽም ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እናቲቱ በቤታቸው ተኝተው ያድራሉ፤ ልጁንም ባዩት ጊዜ ሁሉ ይመርቁታል። እኔም ከዚህ የተማርሁት ጥፋቱን ያረመው እኩሌታው በወስፌ የተበሳ ቀዳዳ፣ እኩሌታው በፊደል የተጻፈ ትእዛዝ መሆኑን ነው። እጅ ብቻውን ወይም ፊደል ብቻውን ቢሆን ኖሮ ነገሩ አይቃናም ነበር።

በዚያን ሰሞን በልጅነቴ ያስተማሩኝ የኔታ ትዝ አሉኝ። የኔታ የዜማና የቅኔ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን የሚጽፉበትን ሁሉ በእጃቸው ያዘጋጁት ነበር። የፍየል ቆዳ ወጥረው፣ ፍቀው ብራና ያወጣሉ፤ ጥላሸት ሰብስበው፣ የተቃጠለ እህል ወቅጠው፣ በሸክላ አብላልተው ወራት አቆይተው ጥቁር ቀለም ያበጃሉ፤ ብዕሩን ከሸምበቆ ይቀርጻሉ፤ መስመሩንም ያለ ቀለም በወስፌ ያሰምራሉ። መጽሐፉ ተጽፎ ሲያልቅ በእንጨት ገበታ ይደጕሱታል፤ የሚንጠለጠልበትን ማኅደር ይሰፉለታል። እኛ ተማሪዎች ቀለሙን ስናማስል ሥራ የተሰጠን ይመስለን ነበር እንጂ ትምህርት መሆኑን አላስተዋልንም። ዛሬ ሳስበው ግን ቀለሙ የቀጠነ እንደ ሆነ ፊደሉ እንደሚፈስ፣ ብራናው በደንብ ያልተፋቀ እንደ ሆነ ብዕሩ እንደሚሰናከል ያወቅሁት ከቃል ሳይሆን ከእጄ ነው። ስለዚህ የላፍቶው ወጣት ከየኔታ የራቀ ሰው አይደለም፤ ሁለቱም የፊደል ሰዎች ሆነው ሳሉ ፊደላቸው የሚያድርበትን ዕቃ በእጃቸው የሚያበጁ ናቸው።

ታዲያ ብራና የሚፍቀውን ደብተራ ስናከብር ብረት የሚያቀልጠውን ወንድማችንን ቡዳ ያልነው ከየት አግኝተነው ነው? ከቅዱሳት መጻሕፍት እንዳይደለ ሊቃውንቱ ያውቃሉ። በኦሪት ዘፀአት ባስልኤልና ኤልያብ የተመረጡት በወርቅ፣ በብር፣ በናስ፣ በዕንቈና በእንጨት እንዲሠሩ ነው፤ ባስልኤልም የእግዚአብሔር መንፈስ የሞላበት ለዚሁ ለእጅ ጥበብ መሆኑ ተጽፏል። ኖኅ መርከብ ሠሪ ነበር፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ይኖር ነበር፤ ጌታችንም በጸራቢ ቤት አደገ። በአገራችንም የላስታን ዐለት ፈልፍለው አብያተ ክርስቲያናትን ያወጡ እጆች የመዶሻና የመሮ እጆች ነበሩ። እንግዲህ የእጅ ሥራን መናቅ የእምነት ትእዛዝ ሳይሆን ከቆየ ልማድ የመጣ መሆኑ የታወቀ ነው።

ነገሥታቱም ይህ ልማድ አገርን እንደሚጎዳ ተረድተውት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን ሠራተኞችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን፣ ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል የሚደርሰውን መድፍ አስቀለጡ፤ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጓዘውም እርሱ ነው። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚጽፈውንና የሚያርሰውን በሥራው ምክንያት መስደብን ከለከሉ፤ የሚሳደብም ሰው እንደሚቀጣ አስታወቁ። ከዚያ አዋጅ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ስድቡ በአደባባይ ቀርቷል፤ ነገር ግን የላፍቶው አባት «እንደ ቀጥቃጭ» ብለው ሲናገሩ፣ እኔም ለማዕርግህ አይስማማም ብዬ ስመክር፣ አዋጁ በአንደበታችን እንጂ በልባችን እንዳልገባ ያሳያል።

የፊደልና የእጅ ጥበብ ሲገናኙ ምን እንደሚወለድ ለማየት ከገዛ ታሪካችን አንድ ምሳሌ ይበቃል። ፊደላችን ከ33 ቤት በሰባት ሰባት ሲቈጠር 231 ይሆናል፤ የጽሕፈት መኪና ግን አርባ ያህል መምቻ ብቻ ያለው ዕቃ ነው። ይህን ትልቅ ቍጥር በዚያ ትንሽ ዕቃ እንዴት ማስገባት ይቻላል? በ1920ዎቹ ዓመታት ኢንጂነር አያና ብሩ ይህን ችግር ተያይዘው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና አወጡ። የዘዴውም ፍሬ ነገር ፊደሉን እንደ ሰውነት፣ ካዕቡንና ሣልሱን የሚለየውን ምልክት እንደ ልብስ አድርጎ ለየብቻ መምታት ነው። የፊደሉ መልክ ጥቂት ቢጎዳም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከእጅ ጽሕፈት ወደ መኪና እንዲሻገር መንገዱን ከፈተ።

ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜም ይኸው ጥያቄ እንደገና ተነሣ፤ የመለሱትም ብዙዎቹ የታዘዙ ሠራተኞች ሳይሆኑ በገዛ ጊዜያቸው የደከሙ ሰዎች ናቸው። ዶክተር አበራ ሞላ ሙያቸው የእንስሳት ሕክምና ነው፤ በአሜሪካ ኮሎራዶ ሲኖሩ ግን ግዕዙን በኮምፒዩተር ለመጻፍ የሚያስችል ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1987 አወጡ፤ ስለ ፊደል አጻጻፍ ዘዴያቸውም እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የፈጠራ መብት አግኝተዋል። አቶ ፍስሐ አጥላውም ዳሸን ኢንጂነሪንግ በሚል ስም በዚያው ዘመን በዚሁ ሥራ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው ዩኒኮድ ፊደላችን ከዓለም ፊደሎች ጋራ ቦታውን አገኘ፤ ዛሬ በእጃችን በያዝነው ስልክ አማርኛ የምንጽፈው ከዚህ የተነሣ ነው። እነዚህን ሰዎች በዚያን ጊዜ «ሙያህን ትተህ በምን ትደክማለህ?» የሚል መካሪ ቢያስቀራቸው ኖሮ ጉዳቱ የማን ይሆን ነበር?

በሌላውም ዓለም ነገሩ እንዲሁ ነው። ስቲቭ ዎዝንያክ የተባለው አሜሪካዊ ቀን በሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ የሒሳብ መኪና ንድፍ እያወጣ፣ ማታ በቤቱ ለገዛ ደስታው ኮምፒዩተር ይገጣጥም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1976 አፕል የተባለው የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ከዚህ የማታ ሥራ ወጣ። ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስም እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ሊኑክስን የጀመረው እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ነበር፤ ዛሬ በዓለም ላይ ፈጣን የተባሉት 500 ኮምፒዩተሮች ሁሉ በእርሱ ይሠራሉ። ይኸው ሰው በሸመገለበት ጊዜ ደግሞ የጊታር ድምፅ የሚለውጥ ትንሽ መሣሪያ በእጁ እየበየደ ትርፍ ጊዜውን እንደሚያሳልፍ እ.ኤ.አ. በ2025 ራሱ ተናግሯል። ከፕሮግራም ጽሕፈት ለደከመ አእምሮ የእጅ ሥራ ዕረፍት መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የላፍቶው ወጣት የሚጠቀምበት ዐይነት ሰሌዳም እንዲህ ያለ ታሪክ አለው። አርዱዊኖ የተባለው ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ2005 በኢጣልያ በኢቭሬያ ከተማ ለተማሪዎች ተብሎ የወጣ ነው፤ ንድፉንም ያወጡት ሰዎች ማንም ገልብጦ እንዲሠራው ለዓለም ሰጡት። ኢቭሬያ ደግሞ የኦሊቬቲ ኩባንያ የተመሠረተባት ከተማ ናት፤ በየሚኒስቴሩ ጸሓፊዎቻችን ብዙ ዘመን የመቱባቸው የአማርኛ የጽሕፈት መኪናዎች የዚሁ ኩባንያ ሥራ ነበሩ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር በባዝ ዩኒቨርሲቲ አድሪያን ቦወር የተባለው መምህር፣ የፕላስቲክ ክር አቅልጦ ከሚሊ ሜትር ያነሰ ንጣፍ በንጣፍ ላይ እየደረበ ዕቃ የሚያወጣ መኪና ማንም በቤቱ እንዲሠራ ንድፉን በነጻ አቀረበ። ስለዚህ ቀድሞ ትልቅ ፋብሪካ የሚሻው ነገር ዛሬ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል።

በአገራችንም ጅምሩ የለም አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው አይስ አዲስ ወጣቶች ሐሳባቸውን ይዘው የሚሰበሰቡበት ቤት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የተመሠረተው አይኮግ ላብስም በዓለም ስሟ ለታወቀው ለሮቦቷ ለሶፍያ ፕሮግራም በመጻፍ ተካፍሏል። ከቢሾፍቱው የፎቃ ማዕከል ጀምሮ ስቴምፓወር በየዩኒቨርሲቲው ያቋቋማቸው ማዕከሎች ሕፃናትን ሽቦና ሰሌዳ ያስነካሉ። አስመላሽ ዘፈሩ የተባለው የጤና ባለሙያም አብራሪ ለመሆን ፈልጎ በአንዲት ሳንቲ ሜትር የቁመት ጉድለት ቢከለከል፣ በአሮጌ የፎልክስቫገን ሞተር አውሮፕላን መሥራት ጀመረ፤ ስሙንም በእናቱ ስም መጀመሪያ ፊደልና በፈጀበት በ570 ቀን ቍጥር ሰየመው። በ2007 ዓ.ም. ሊያበር ሲሞክር ከፊት የሚሽከረከረው መቅዘፊያ ተሰብሮ ሙከራው ቆመ። ሙከራው ባይሠምርም ከቆርቆሮና ከእንጨት ክንፍ ሲያወጣ ያየው ሕፃን ሁሉ አንድ ነገር ተምሯል።

ደግሞም የፕሮግራም ሰዎችን ወደ እጅ ሥራ ስንጠራ፣ ከጥንት ጀምሮ በእጃቸው የሚኖሩትን መርሳት አይገባም። በመርካቶ ምን አለሽ ተራ የተጣለው በርሜል ምድጃ፣ የተቀደደው ጎማ በረባሶ ሆኖ ይወጣል። በዚያ ያሉት ባለ እጆች ንድፍ በወረቀት አያወጡም፤ ነገር ግን ቆርቆሮው የት እንደሚታጠፍና የት እንደሚሰነጠቅ ያውቃሉ። ወጣቱም የደወሉን ቤት ያስበየደው ከዚያ ነው፤ ያን ቀን አንድ ዲግሪ የሌላቸው አዛውንት ካልኩሌተሩን አስቀምጦ በጣቱ እንዲለካ እንዳስተማሩት እየሣቀ አጫውቶኛል። ባለ ፊደሉና ባለ መዶሻው በአንድ ጠረጴዛ ቢቀመጡ ከሁለቱም የሚወለደው ከሁለቱ ይበልጣል።

አንዳንድ ሰው፣ «ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው፤ አገር በጨዋታ አትለማም» ይል ይሆናል። ነገሩ ከፊሉ እውነት ነው። ሽቦ የሚያያይዝ ሁሉ ፈጣሪ አይሆንም፤ በኤሌክትሪክ ያለ ጥንቃቄ የሚጫወትም ራሱንና ቤቱን ይጎዳል። የእናቲቱም ደወል ቢሆን የውሃውን ጉድለት አላስወገደውም፤ ውሃ በሌሊት መምጣቱን ነገራቸው እንጂ በቀን አላመጣላቸውም። ያ የመሥሪያ ቤትና የቧንቧ ሥራ ነው፤ በአንድ ወጣት ትጋት ተሸፍኖ የሚረሳ መሆን የለበትም። ነገር ግን የጎረቤቱን ችግር አይቶ መሣሪያ ያነሣ ሰው፣ ነገ በትልቁ ሥራ ላይ ቢሾም ከወረቀቱ ጀርባ ያሉትን አረጋዊት አይረሳቸውም። በፕሮግራም የተሳሳተውን አንድ ጣት ይሰርዘዋል፤ አጥሮ የተቈረጠ እንጨት ግን አይረዝምም። ይህን በእጁ የተማረ ሰው ከመቍረጡ በፊት ሁለት ጊዜ መለካትን ይለምዳል፤ ይህም ልማድ ለሹም ሁሉ የሚያስፈልግ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን የኮዲንግ ትምህርት እንዲማሩ መርሐ ግብር ተጀምሯል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሆኖም አምስት ሚሊዮን ሰው ትእዛዝ መጻፍ ተምሮ ትእዛዙን የሚፈጽም ዕቃ ሁሉ ከባሕር ማዶ የሚመጣ እንደ ሆነ፣ ትምህርቱ በአንድ እግሩ ቆመ ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሁሉ የሚከተለውን ላሳስብ እወዳለሁ።

1ኛ፤ በየክፍለ ከተማው ባሉት የወጣት ማዕከሎችና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከመጽሐፉ መደርደሪያ አጠገብ አንድ የሥራ ጠረጴዛ፣ መዶሻና መጋዝ፣ መበየጃና መለኪያ ቢቀመጥ፣ የሚጠብቀውም አንድ ባለሙያ ቢመደብ ወጪው ከጥቅሙ ጋራ አይመዛዘንም።

2ኛ፤ ለትምህርትና ለሙከራ የሚሆኑ ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ከውጭ ሲገቡ፣ አንድ ተማሪ የሚያስመጣው ጥቂት ሰሌዳ እንደ ነጋዴ ሸቀጥ እንዳይታይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቢመረምረው መልካም ነው።

3ኛ፤ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ትልልቁን ፈጠራ ብቻ ሳይሆን አነስተኛ ፈጠራንም ይጠብቃል፤ ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት አምስት ዓመት ይጸናል፤ አንድ ጊዜም ለአምስት ዓመት ይታደሳል። ይህን የሚያውቅ ወጣት ግን ጥቂት ነው። የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በየትምህርት ቤቱ እየሄደ ቢያስተምር በየጓዳው ተሸሽጎ የሚቀረው ሥራ ወደ ብርሃን ይወጣል።

4ኛ፤ ካህናት አባቶቻችን ስለ ባስልኤል በሚያስተምሩበት ቀን የብረት ሠሪውን፣ የሸክላ ሠሪዋንና የሽመናውን ሰው ክብር ቢያነሡ፣ አንድ ስብከት አዋጅ በመቶ ዓመት ያላደረሰውን ወደ ልብ ሊያደርስ ይችላል።

እኔም በበኩሌ የበደልሁትን ልክስ ብዬ ባለፈው ሰንበት ወደ ወጣቱ አባት ሄድሁ። ምክሬ ስሕተት እንደ ነበረ ነገርኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «እርሷማ ትናንት መጥታ ‹ልጅህ እንቅልፌን መለሰልኝ› ብላ ጉልበቴን ልትስም ስትል ከለከልኋት» አሉ፤ ቀጥለውም፣ «እኔ ግን እንዲያው የጓዳው መብራት ደካማ ነው፤ ዐይኑን እንዳይጎዳው የተሻለ አምፖል ልገዛለት አስቤአለሁ» አሉኝ። ከዚህ የበለጠ ዕርቅ አልፈለግሁም። የኢትዮጵያ አባቶች ሁሉ በየቤታቸው ከደረጃ ሥር ላለችው ክፍል አንድ አምፖል ቢጨምሩ፣ ብዙ ዘመን የተዘጋው ሦስተኛው በር ከዚያ ይከፈታል ብዬ አምናለሁ።